ከፊርማው በፊት ስሙ

እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በስዊዘርላንዷ ዳቮስ፣ ቶኒ ብሌር፣ ቢል ጌትስና ዘፋኙ ቦኖ ስለ አፍሪካ ድህነት ከተነጋገሩበት መድረክ አንድ ወረቀት ተገኘ። ክቦች፣ ሦስት ማዕዘኖችና የተሞነጫጨሩ ቃላት ነበሩበት። የብሪታንያ ጋዜጦች የጠቅላይ ሚኒስትሩ የብሌር ነው ብለው ለእጅ ጽሑፍ ተንታኞች አሳዩት። (ስለ ድህነቱ የተባለውን ያነሳ ብዙም አልነበረም።) ተንታኞቹ ውጥረት የበዛበት፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው፣ ከመሪነት ይልቅ ቅስና የሚስማማው ሰው አዩበት።

ብዙም ሳይቆይ የብሌር ጽሕፈት ቤት እውነቱን ተናገረ፦ ወረቀቱ የቢል ጌትስ ነው። ለመሪነት አልተፈጠረም የተባለው እጅ ማይክሮሶፍትን የመሠረተው ሰው እጅ ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ጥበብ በ1870ዎቹ «ግራፎሎጂ» የሚል ስም የሰጡት ፈረንሳዊው ቄስ ዣን ኢፖሊት ሚሾን፣ እያንዳንዱ የብዕር ጭረት የራሱ የጠባይ ምልክት አለው ይሉ ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጭረቱ የባለቤቱ ስም ቢለወጥም ያንኑ በተናገረ። የዳቮሱ ንባብ ግን ከወረቀቱ የመጣ አይመስልም። የኢራቅ ጦርነት ያስጨነቀው፣ ምርጫ የደረሰበት፣ ሃይማኖተኛነቱ የታወቀ ሰው፤ ይህን ብሌር አንባቢው ሁሉ ከጋዜጣ ያውቀው ነበር።