የጎንደር የወጪ ንግድ፤ ከሲራራ እስከ ሰሊጥ

በአንድ ሸቀጥ ላይ ብቻ ስለ ቆመ ኢኮኖሚ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የነዳጅ ዘይት አገሮችን ነው። ጎረቤታችን ሱዳን ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ናት። በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከእጅዋ ወጣ፤ የውጭ ምንዛሪዋም ስለ ተናጋ ፊቷን ወደ ወርቅ መለሰች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለኢትዮጵያ የነዳጅን ቦታ ይዞ የኖረው ቡና ነው። ለብዙ ዓመታት ከወጪ ንግድ ገቢያችን ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከእርሱ ነበር፤ በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈርሶ ዋጋው ሲያሽቆለቁል፣ አገሪቱ በአንድ ምሰሶ ላይ መቆሟ በግልጽ ታየ። ታዲያ መድኃኒቱ ሌላ ሸቀጥ መጨመር ብቻ ነውን? የጎንደር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ሆነች። አንዱ መንገድ በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ በኩል ወደ ስናር፣ ሦስተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያና ወደ ከፋ ይወስድ ነበር። በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴም የገባው በስናር በኩል ነው። የሩቁን ንግድ በአብዛኛው የያዙት በአዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩት እስላም ነጋዴዎች ነበሩ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰምና ቡና ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ልንሸሽገው የማይገባን ደግሞ ሰውም እንደ ሸቀጥ መሸጡ ነው።

እንግዲህ የጎንደር ንግድ በዓይነት አልደኸየም። ነገር ግን ከእነዚህ ሸቀጦች አብዛኞቹ ከሩቅ መጥተው በከተማዋ የሚያልፉ እንጂ በእርስዋ ተሠርተው የሚወጡ አልነበሩም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው የሚሠሩት ለቤተ መንግሥቱና ለአካባቢው ገበያ ነበር፤ ለድካማቸውም የተከፈላቸው ብዙ ጊዜ ንቀት ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲናጋ ከተማዋን የሚያቆም ሌላ ነገር አልተገኘም። በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 በደርቡሾች ተቃጠለች፤ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአገሪቱ ንግድ ፊቱን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ አዞረ። ሸቀጡ አልጠፋም፤ ጎንደርን ግን ትቶ ሄደ።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ከቆላው ነው። በ1960ዎቹ በሰቲት ሁመራ በትራክተር የሚታረሱ የሰሊጥ እርሻዎች ተስፋፉ፤ በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ፤ ከ1991 በኋላም ሰሊጥ በመተማና በቋራ እንደገና ተንሰራፋ። ከቡና ቀጥሎ ከሚጠቀሱት የአገሪቱ የወጪ ሰብሎች አንዱ ለመሆን በቃ፤ በዓለም ገበያም ከሁመራና ከወለጋ ዓይነቶች ጋር «ጎንደር» በሚል ስም ይታወቃል።

ይህ ስም ግን በርካሽ አልተገዛም። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ስለሚከፈትና ስለሚረግፍ፣ አዝመራው በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት፤ ነዶው ቆሞ ከደረቀ በኋላ እየተዘቀዘቀ ይራገፋል። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደ ቆላ ይወርዳል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላአዛር የሚይዘውም ይህንኑ፣ በሽታውን አስቀድሞ የማያውቀውን ደገኛ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሚታከሙት ሕሙማን ብዙዎቹ እነዚህ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

በዚህ ድካም የተገኘው ፍሬ አብዛኛው ጥሬውን ይጫናል፤ ፈትገው ጣሂኒ የሚያደርጉት ሌሎች ናቸው። ሰሊጥ እየላክን የፓልም ዘይት ማስገባታችን ብዙ ያነጋግራል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ኪሳራ እዚህ ላይ አይደለም፤ ሰሊጥ ከፓልም ዘይት የከበረ ስለሆነ፣ ጨምቆ ከመብላት ሸጦ መግዛት ያዋጣ ይሆናል። ኪሳራው በማበጠር፣ በመፈተግ፣ በማከማቸትና በማሸግ ሊገኝ የሚችለው ዋጋ ለሌላ መቅረቱ ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለደረጃ ምደባና ለመጋዘን ሥርዓት አበጅቷል፤ ፋብሪካ ማቆም ግን የእርሱ ተግባር አይደለም።

በሩም እንደ ቀድሞው ጠባብ ነው። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ የምጽዋ በር ተዘጋብን፤ በ2023 ሱዳን በጦርነት ስትናጥ ሸቀጥ ይመላለስበት የነበረው የመተማ መንገድ የስደተኞች መንገድ ሆነ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ የሸቀጥ ዓይነት ማብዛት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከአባቶቻችን ንግድ ተምረናል። በቡና ላይ ሰሊጥን፣ በሰሊጥ ላይ ሌላ ጥሬ ሀብት ብንደርብ፣ ሁሉም በአንድ በር ጥሬውን የሚያልፍ ከሆነ የምንጨምረው ጆንያ ነው። የሚያዘልቀው በሸቀጡ ላይ የሚሠራው እጅ ነው። ያ እጅ በጎንደር ተንቆ ኖረ፤ ዛሬ ማበጠሪያውን፣ መፈተጊያውን፣ መጋዘኑንና የቀን ሠራተኛውን ጤናማ ማደሪያ ነድፎ ማቆም የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው።