ገብስ፣ ጤና አዳምና የባሌ ብርድ

የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። የሲናናና የአጋርፋ ገበሬ የበልጉን ወቅት «ገና»፣ የመኸሩን «ቦና» ይለዋል፤ ይህ «ገና» ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም። ስንዴው በኮምባይነር እየታጨደ ወደ መሀል አገር ቢጫንም ገብሱ ከቤት አይጠፋም፤ ቆሎ፣ ገንፎና ብቅል ይሆናል። ብርድ፣ ምንጭና ጥሩ ገብስ ያለበት እንዲህ ያለ አገር ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ውስኪ ይወጣው ነበር። በባሌ የወጣው አረቄ ነው።

የሁለቱ ርቀት ያን ያህል አይደለም። ሁለቱም ከብቅል ይነሳሉ፣ ይብላላሉ፣ በእሳት ይወጣሉ። ውስኪን ከአረቄ የለየው የእንጨቱ በርሜል ሲሆን፣ እሱም ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1494 ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ «የሕይወት ውኃ» እንዲያወጣ ስምንት ቦል ብቅል እንደተሰጠው የስኮትላንድ ቤተ መንግሥት የሒሳብ መዝገብ ያሳያል። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን አየርላንዶችና ስኮቶች መጠጡን በዘቢብ፣ በእንስላልና በሳፍሮን ይቀምሙት ነበር። ውስኪ ሳይቆይ እንዳይሸጥ የሚከለክለው የብሪታንያ ሕግ የወጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ስለዚህ ቅመሙ በርሜሉን ይቀድማል፤ ጤና አዳም በአረቄ ጠርሙስ የሚዘፈዝፍ የጎባ ሰው የሚሠራው የጥንቱን የውስኪ ሥራ ነው።

አረቄ በባሌ የከተማ ልጅ ነው። በራስ ዳርጌ የሚመራው የምኒልክ ጦር የአርሲን መከላከል በአዙሌ የሰበረው በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ባሌ የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ጎባ የጦር ሰፈር ሆና አደገች፤ ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆንም ዋና ከተማዋ እሷው ነበረች። ጌሾውና ጋኑ ከሰፋሪው ጋር ገቡ ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። ዙሪያውን ያለው ገጠር ግን በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ለሼህ ሁሴን ዚያራ የሚተም ሕዝብ አረቄ ደጃፍ አይቆምም። እዚያ ብርድ የሚመከተው በቅቤ በሚቆላ የቡና ፍሬ፣ ማለትም በቡና ቀላ፣ እንዲሁም ሆጃ በሚባለው ወተት የገባበት ትኩስ መጠጥ ነው። የባሌን የብርድ መጠጦች ታሪክ በአረቄ መጀመር ስህተት ነው፤ ቅቤው ይቀድማል።

ማውጣቱ የሴቶች ሙያ ነው። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ የበሰለ ቂጣ ተፈርፍሮ ይገባበትና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲበስል እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ ይመረጋል፣ እንፋሎቱም በሸምበቆ ወይም በመዳብ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል። እዚህ ላይ ደጋው ያግዛል፤ የባሌ ምንጭ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱን ለማብረድ ይመቻል። መጀመሪያ የሚወጣው ተራ አረቄ ነው። እሱኑ መልሶ ማውጣት ዳግምን ይሰጣል፤ ዳግም ከመቶው 45 እጅ ያህል አልኮል ሊሆን ይችላል፣ ከመደርደሪያ ውስኪ የማይተናነስ ማለት ነው። ጉዳቱ የማገዶ እንጨቱ ነው። በአረቄዋ ስሟ የተነሳው አርሲ ነጌሌ አጠገቧ ያለውን የሙኔሳን ደን ለምድጃ ስትገብር ኖራለች።

ወደ ቅጠሉ እንምጣ። ጤና አዳም በስኒ ቡና ላይ የሚታወቅ ቅጠል ነው። ዘለላው ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ቀን ሲያድር ነጩ አረቄ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይዞራል፣ ሽታውም ይለሰልሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ልትርቀው ይገባል፤ ማሕፀን ያነቃቃል።

የኮሶው ታሪክ ከሁሉም ይሰፋል። በኦሮምኛ ሄጦ የሚባለው ይህ ዛፍ በዲንሾ በኩል የባሌ ተራሮች ደን ባለቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የሴቴውን ዛፍ ቀይ አበባ ፈጭቶ፣ በውኃ በጥብጦ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ለትል ሲጠጣ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ዜናውን ከቁስጥንጥንያ ይዞ ሄደ፤ አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ገባ፣ የሐኪሙም ስም ለዛፉ ሳይንሳዊ መጠሪያ ሆኖ ቆየ። ክኒን ሲመጣ ኮሶ ከመድኃኒትነቱ ወረደ። የኮሶ አረቄ ግን ዛሬም በአረቄ ቤቶች ይጠየቃል። ሲበዛ መርዝ ስለሆነ በቤት ለሚሞክር ሰው አይመከርም።

ሦስተኛው ጦስኝ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል የደጋ ቅጠል። ሳይንሳዊ ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አድዋ ለኖረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ለሺምፐር መታሰቢያ ነው። ደርቆ በየገበያው ይሸጣል፣ ከሻይ ጋርም ይፈላል፤ አረቄ የማይቀምሰውም ቤት ያውቀዋል።

ከተሜው የተቀመመውን መጠጥ በፋብሪካ በኩልም አግኝቶታል። የግሪኮቹ ኡዞ አኒስ የገባበት አረቄ ነው፤ የጣሊያኖቹ ፈርኔት ደግሞ የብዙ መራራ ሥሮችና ቅጠሎች ድምር። ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ሁለቱንም ሲያመርት ስለኖረ፣ ጤና አዳሙን የናቀ ጠጪ ግሮሰሪ ገብቶ በመለያ የታሸገ ቅጠል ይገዛል።

አልኮል ያሞቃል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ፊት ይግላል፣ የውስጥ ሙቀት ግን ይቀንሳል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ ይህ አደገኛ ነው። መጠጡ የሚሆነው በር ተዘግቶ ምድጃ ዳር ለተቀመጠ ሰው ነው።

ለእንዲህ ያለው ምሽት ከውጭ የመጣ ውስኪም ቢሆን የደጋውን ቅጠል ይቀበላል። አንድ ዘለላ ጦስኝ ውስኪው ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት ይወጣል። ማታ አንድ መለኪያ በብርጭቆ ተደርጎ ትኩስ ውኃ፣ የሐረና ጫካ ማርና ጥቂት ሎሚ ይጨመርበታል። ውኃው ከፈላ በኋላ ትንሽ መብረድ አለበት፤ እየተንፈቀፈቀ ከተጨመረ ከአልኮሉ ጥቂቱ በእንፋሎት ይሄዳል። ማሩንም ቀድሞ በትኩሱ ውኃ አሟሙቶ ውስኪው ላይ መጨመር ይሻላል፤ ካልሆነ ታች ይዘቅጣል።