አሸዋ ብረትን ሲያድስ፣ አቧራው ሰውን ሲጎዳ
(የሳንድብላስት ሥራ አጭር ታሪክ)



ከመካከላችን ጋራዥ ያላቸው፣ በባትላሜራ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ልጆቻቸውንም ለዚሁ ሙያ የሰጡ አሉ። አሮጌ ቮልስዋገን ወይም ፊያት 600 በግቢያቸው አቁመው «አንድ ቀን አሳድሳታለሁ» የሚሉም አይጠፉም። ስለዚህ ዘንድሮ በታመቀ አየር አሸዋ እየረጩ የመኪናን ቀለምና ዝገት ስለ መግፈፍ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ሳንድብላስት ስለሚሉት ሥራ ታሪክ ጥቂት ልናወጋችሁ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሥራው ለምን አስፈለገ? የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያንኛ የመጣ ነውና ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖርቴሎ እያልን የምንጠራው ሁሉ ከስስ የብረት ላሜራ የተሠራ ነው። ቀለም በቀለም ላይ፣ ስቱኮ በስቱኮ ላይ ሲደራረብበት ላዩ ደህና ይመስላል። ከሥሩ ግን ዝገቱ እንደ ብል ይበላዋል። በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ቢፈገፍጉት ሜዳው ቦታ ይጠራል፤ ማጠፊያው፣ ብየዳው የተጋጠመበትና የተቦረቦረው ቦታ ግን እጅ አያስገባም። አሸዋ እዚያ ሁሉ ይገባል። በሰው እጅ ቀናት የሚፈጀውንም በሰዓታት ይጨርሳል።

ዘዴውን ለዓለም ያስተዋወቀው በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ ሰው የነበረው ቤንጃሚን ቺው ቲልግማን ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሰሜኑ ጦር ውስጥ ኮሎኔል ሆኖ 3ኛውን የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት የመራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1870፣ አሸዋን በእንፋሎት፣ በአየር ወይም በውሃ ኃይል እየነዱ ድንጋይን፣ ብረትንና መስታወትን ስለ መቁረጥና ስለ መቅረጽ የፈጠራ መብት አገኘ። ሐሳቡ የመጣለት በነፋስ የሚነዳ አሸዋ የመስኮት መስታወት ሲያደበዝዝ አይቶ ነው ይባላል።

የሥራው ምስጢር ቀላል ነው። ጠንካራና ደቃቅ ቅንጣት በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ደረቁን ነገር ይሸርፈዋል፤ እንደ ጎማ ያለውን ለስላሳ ነገር ግን ነጥሮ ይመለስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጠቀሙበት መስታወት ለማደብዘዝና በድንጋይ ላይ ፊደል ለመቅረጽ ነበር፤ መነካት የሌለበትን ቦታ በጎማ መሸፈን ይበቃል። ቀጥሎ ብረት ማቅለጫዎች ወሰዱት፤ ከቅርጽ የወጣን ብረት ያጸዱበት ጀመር። ኮምፕሬሰር እየተሻሻለ ሲሄድ መርከቡም፣ ድልድዩም፣ የነዳጅ ጋኑም በዚሁ ይጠረግ ጀመር። የአሮጌ መኪና አዳሾች እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልካም ዜና ነው። ችግሩ ግን አሸዋው ብረቱን ሲመታ እሱም መሰበሩ ነው። ብዙው አሸዋ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ሲደቅ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆንና ከትንፋሽ ጋር እስከ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። ሳንባ ሊያስወጣው አይችልም፤ ሊከላከሉት የሚመጡት የሰውነት ሕዋሶችም ይሞታሉ፤ በየቦታው ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳ ደግሞ አየር አያስገባም። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የተጎዳውን ሳንባ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒትም የለውም። አቧራው መጠነኛ ከሆነ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ይታያል። እንደ ሳንድብላስት ባለ ከባድ አቧራ ውስጥ ግን ሰውን በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም በወራት ይጥላል። ከዚህም ሌላ ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ በቀላሉ ይያዛል።

ታዲያ ይህ ጉዳት ቲልግማን ከመነሣቱ በፊት የማይታወቅ ነበር እንዴ? በጭራሽ! የጣሊያኑ ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ የድንጋይ ጠራቢዎችን ሳንባ ጉዳት አንሥቶ ነበር። በ1930 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ብዙ ያለቁበት በሽታ ስለሆነ፣ በጆሃንስበርግ ስለ ሲሊኮሲስ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ዕውቀቱ ነበረ፤ የጎደለው ክልከላው ነው። አሸዋ ርካሽ ነዋ! ከወንዝ ዳር ይዛቅ የለም እንዴ?

እንግሊዝ በ1949 ባወጣችው ደንብ ሲሊካ ያለበትን አሸዋ ለዚህ ሥራ መጠቀምን ከለከለች። አሜሪካ ውስጥ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋሙ በ1974 እንዲከለከል ቢመክርም ምክሩ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ሲሊካን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መደበው። አሜሪካ በ2016 ባወጣችው ደንብ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ የሚተነፍሰው ሲሊካ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነች። ይህ እንግዲህ አንዱ ግራም ለ20,000 ተካፍሎ አንዷ እጅ መሆኑ ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሚበቃው ተመልከቱ!

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቱርክ ታሪክ ነው። አዲስ የጂንስ ሱሪ አሮጌ እንዲመስል አሸዋ ይረጩበት የነበሩ ወጣቶች ጥቂት ዓመታት ብቻ ሠርተው በሲሊኮሲስ ተያዙ፤ የሞቱም አሉ። መንግሥቱ ሥራውን የከለከለው በ2009 ነው። እንግሊዝ ከከለከለች 60 ዓመት አልፎ ማለት ነው። ያውም ለሱሪ ፋሽን!

ደግነቱ በአሸዋ ፈንታ የሚረጭ ሌላ ነገር ሞልቷል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል የአውሮፕላንን ስስ አካል ሳይጎዳ ቀለሙን ለመግፈፍ የፕላስቲክ ቅንጣት መርጨት ጀመረ። በ1986 በተጠናቀቀው የነጻነት ሐውልት እድሳትም ከሐውልቱ ውስጠኛ መዳብ ላይ ሬንጁን ያነሡት ቤኪንግ ሶዳ እየረጩ ነው። ዛሬ ለመኪና ጋርኔት የሚባል የድንጋይ ቅንጣት፣ የተፈጨ ጠርሙስ፣ ደቃቅ ብረትም ያገለግላሉ። ሶዳ ቀለም ያነሣል፤ ዝገት ግን አይነካም። ከሥራው በኋላም በውሃ በደንብ ካልታጠበ አዲሱ ቀለም አይይዝም።

በሙያው ላሉት አንድ ነገር እንጨምር። ቴላዮና ሌላው ወፍራም ብረት ኃይለኛ ግፊት ይችላል። የኮፋኖና የስፖርቴሎ ላሜራ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጠንካራ ቅንጣትና በከፍተኛ ግፊት ሲመቱት ላዩ እንደ ተቀጠቀጠ ይለጠጥና ይንጋደዳል። ብዙ ሰው በሙቀት ብቻ የሚሆን ይመስለዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ምቱ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ቅንጣት፣ ዝቅ ያለ ግፊት፣ አፈሙዙን አራቅና ጋደል አድርጎ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆዩ ማንቀሳቀስ ይበጃል። የተራቆተ ብረት በሰዓታት ውስጥ እንደገና መዛግ ስለሚጀምር፣ በባዶ እጅ ሳይነኩ በዕለቱ አንቲረስት መቀባት ነው።

ስለ ሰውየው ግን ምን እንላለን? አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይህን ብናኝ አያቆምም። ለረጪው የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር በቱቦ ከውጭ የሚገባበት የራስ ቁር ነው። ሥራው በተዘጋ ክፍል፣ አቧራ የሚስብ ማሽን ባለበት ይሁን። በአጠገቡ የሚሠራና የሚያልፍ ሰው አይኑር፤ አቧራው ረጪውን ከጎረቤቱ አይለይም። የብዙ አሮጌ መኪና ቀለም እርሳስ ስላለበት፣ አሸዋው ቢቀየርም ጥንቃቄው አይቀርም። የሥራ ልብስ እዚያው ይቅር፤ ልጆች ወዳሉበት ቤት አይግባ። የሚያስል፣ ዳገት የሚያቅተው ሠራተኛ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሥራው ምን እንደሆነ ይናገር፤ አለዚያ ቲቢ ነው ተብሎ ብቻ ሊታለፍ ይችላል።

ውድ አባላት! አሮጌ መኪና ታድሶ ሲያብረቀርቅ ማየት ደስ ይላል፤ እኛም እንወዳለን። ነገር ግን የብረት ዕድሜ በሰው ዕድሜ አይገዛም። የጋራዥ ባለቤቶች አሸዋውን ይቀይሩ፤ መኪና የምናሳድሰውም ዋጋ ስንከራከር የረጪውን መከላከያ ወጪ አብረን እናስብ፤ ወላጆችም ልጃቸው የሚውልበትን ጋራዥ ሄደው ይዩ። ያለቀሰ ቤት ሄደን ድንኳን ከመትከላችን በፊት ልናደርገው የምንችለው ይኸው ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ!