የሰሊጥ እርሻና የካላዛር በሽታ በሁመራ

የደጋ ሰው ቆላን መፍራቱ የቆየ ነገር ነው፤ ንዳዱን ሁሉ ከአየሩና ከምድሩ የመጣ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። የሁመራ የካላዛር ታሪክ ግን ምድሩን ብቻ መክሰስ እንደማይበቃ ያሳያል።

በተከዜ ዳር ባለው በዚህ ሜዳ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች በትራክተር መታረስ በጀመሩ ጊዜ፥ ለአረምና ለአጨዳ የሚበቃ ሰው በስፍራው አልነበረም። ስለዚህ በየዓመቱ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርድ ጀመር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ካላዛር ይልቁንም በነዚህ እንግዶች ላይ ጸና፤ የአገሩ ተወላጅ በሽታውን አስቀድሞ የለመደ ሲሆን የደጋው ሰው ግን ሰውነቱ አያውቀውም ነበር።

በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትናከሰውም በሌሊት ነው። ሠራተኛውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያድርበት ቤት ስላልተሠራለት፥ ካረመበት ማሳ አጠገብ፥ ከዚያው ከግራሩ ሥር፥ ያለ አጎበር ይተኛል። ዕዳ ለመክፈል ወይም በሬ ለመግዛት የወረደ ሰው ትኩሳት ቢሰማውም ሥራውን አይተውም፤ ቢተውስ በሰው አገር ማን ያበላዋል? ሕመሙ ከወራት በኋላ የሚገለጥ በመሆኑ ብዙው የሚታመመው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጣፊያው ያብጣል፥ ሰውነቱ ይከሳል፤ ካልታከመም ይሞታል።

በ1997 ዓ.ም. ከሁመራ ርቆ በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ ታወቀ። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይታመናል፤ ከታመሙት መካከል ግን ቆላ ወርደው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ፥ ሕፃናትም ጭምር።