ሁለት ቀን በእስክንድርያ፦ ዘይላን ያየው መንገደኛና የጀበርቲዎቹ ልጅ



ሶዶ መድረሳ አብሮን የቀራ አንድ ወንድማችን አሁን ካይሮ ይማራል። ሰሞኑን በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «ኡስታዝ፣ የሁለት ቀን እረፍት አለን። ከልጆቹ ጋር እስክንድርያ ልንሄድ ነው። ባሕሩ ዳር ፎቶ ከመነሳት ሌላ ምን እንይ?» ይላል።

ጥያቄው ደስ አለኝ። እኛ ሰፈር ሜዲትራንያን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሊቢያ፣ ጀልባና መርዶ ነው። የሰፈራችን ልጅ በዚያው ባሕር ዳር በሰላም በባቡር ሄዶ ታሪክ ልይ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱን ለእሱ ብቻ ከምልክ እናንተም አንብቡት ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጉዞው አይከብድም። ከካይሮ እስክንድርያ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከሶዶ አዲስ አበባ ከምንሄደው ያንሳል። ፈጅርን ሰግዶ በማለዳው ባቡር የተሳፈረ ዙህርን እዚያ ይሰግዳል።

መጀመሪያ ወደ ቃይትባይ ግንብ ሂዱ። የመምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ ይህን ምሽግ ያሠራው ከ1477 እስከ 1479 ባለው ጊዜ ነው። የቆመው ደግሞ በጥንቱ ዓለም ከሰባቱ ድንቆች አንዱ ይባል የነበረው የመብራት ማማ (መናራ) በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ማማው ከ100 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ የጣለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

ማማው ሙሉ በሙሉ ሳይወድቅ በዓይኑ ያየው ሰው ኢብኑ በጡጣ ነው። በ1325 ከሞሮኮዋ ጠንጃ ለሐጅ የወጣ ወጣት ነበር። እስክንድርያ የደረሰው በ1326 በሚያዝያ ወር ነው፤ ዕድሜው 22። ማማው አንድ ጎኑ ፈርሶ አገኘው። በሩ ከመሬት ከፍ ያለ ስለነበር በትይዩው ካለ ሌላ ሕንፃ ሳንቃ ዘርግተው ይሻገሩ ነበር፤ ሳንቃው ከተነሳ ማንም አይገባም።

ከማማው በላይ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያች ከተማ ቡርሃኑዲን አል-አዕረጅ በሚባሉ ዛሂድ ሰው ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሰውየው ጉዞ እንደሚወድ አይተው በሂንድ፣ በሲንድና በቻይና ላሉ ወንድሞቻቸው ሰላምታ እንዲያደርስላቸው አደራ አሉት። እሱ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ሩቅ መሄድ በልቡ አልነበረም። ያ ሁሉ ጉዞ የተጀመረው በሦስት ቀን እንግድነት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሁለት ቀን አነሰን አትበሉ።

ይኸው ሰው በ1331 አካባቢ ወደ እኛ በር መጣ፤ ወደ ዘይላ። ዘይላ ዛሬ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ግን ከይፋትና ከደጋው የሚወርደው ቅፍለት ማራገፊያ፣ የሐጅና የዒልም ተጓዥም መውጫ ነበረች። ኢብኑ በጡጣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ራፊዳ (ሺዓ) እንደሆኑ፣ ገበያዋም ትልቅ እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ ግን የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ሽታ አስመረረውና ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ!

እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የዓሣ ገበያ ይሸታል። ነገር ግን እሱ በ1326 ካይሮን ሲረግጥ፣ ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒይ (ረሒመሁላህ) እዚያው ካይሮ የሐነፊያን ፊቅህ ያስተምሩ ነበር። በ743 ሒጅራ ሞተው እዚያው ተቀበሩ። ደረሳ የሆነ ሁሉ የሚያውቀውን «ነስቡር-ራያህ» የጻፉት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒይም በ762 ሒጅራ የሞቱት ካይሮ ነው። ሽታዋ ያስሸሸው ከተማ ስሟ በኪታቦች ሽፋን ላይ ቀረ። ኢብኑ በጡጣ ራሱ በ1349 ወደ እስክንድርያ ሲመለስ ማማው ከመፈራረሱ የተነሳ ወደ በሩ እንኳ መድረስ አልተቻለም።

ከግንቡ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ። በ1798 ሐምሌ መጀመሪያ የናፖሊዮን ጦር ከመርከብ የወረደው በዚያ አቅጣጫ ነው። ይህን ዘመን በዝርዝር ጽፎ ያቆየልን ዐብዱርራሕማን አል-ጀበርቲ ነው፤ ካይሮ የተወለደ፣ ዘሩ ግን ከእኛ ወገን። ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት ምድር ተነስተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በመካና በመዲና አልፈው አዝሀር ገቡ፤ በዚያም የጀበርት ደረሶች ማደሪያ የነበረው የ«ሪዋቁል ጀበርት» ሸይኽ ሆኑ። አባቱ ሸይኽ ሐሰንም በሒሳብና በከዋክብት ዕውቀት የታወቁ ዓሊም ነበሩ።

ጀበርቲ እንደሚተርከው፣ ፈረንሳዮች ከመድረሳቸው ጥቂት ቀን በፊት የእንግሊዝ መርከቦች መጥተው አስጠነቀቁ። የከተማዋ ሹም ሰይድ ሙሐመድ ኩረይም ግን ተንኮል መስሏቸው መለሷቸው። ፈረንሳዮቹ በኋላ ኩረይምን ገደሏቸው። ናፖሊዮን «እኔ የሙስሊም ወዳጅ ነኝ» የሚል አዋጅ በዐረብኛ ሲበትን፣ ጀበርቲ ወረቀቱን ይዞ ቃል በቃል መረመረው፤ የነህው ስህተቱን ለቀመ፣ ውሸቱንም አወጣ። ከሪዋቅ ቤተሰብ የወጣ ሰው በመድፍ ፊት የያዘው መሣሪያ ሰዋስው ነበር። እኛ ነህው ሲከብደን የምናማርር ደረሶች ይህን ሰው ብናስታውስ አይከፋም።

ለዙህር ወደ አቡል ዐባስ አል-ሙርሲ መስጂድ ሂዱ፤ ከግንቡ በእግር ይደረሳል። ሙርሲ ከአንደሉስ የመጡ የአቡል ሐሰን አሽ-ሻዚሊ ተማሪ ናቸው። የአሁኑን ሕንፃ የነደፈው ማሪዮ ሮሲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። አጠገቡ ደግሞ የ«ቡርዳ» ባለቤት የአል-ቡሲሪ መስጂድ አለ። ስለ ቀብር ዚያራ ያለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሁለተኛውን ቀን ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡት። በ2002 የተከፈተ ነው፤ የውጭ ግድግዳው ግራናይት ላይ የ120 ጽሕፈቶች ፊደላት ተቀርጸዋል። የእኛን ፊደል ፈልጉ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም ከዚህች ከተማ ጋር ረጅም ታሪክ አላቸው፤ ከአራተኛው መቶ ዓመት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጳጳሳቸውን የሚሾምላቸው የእስክንድርያ መንበር ነበር። ሶዶ ስትመለስ ከእነሱም ጋር የምታወራው ይኖርሃል ማለት ነው።

ፎቶውን ስትልክልኝ ደግሞ ከግንቡ በር ፊት የተነሳችሁትን ተወው። ከላይ ሆነህ ባሕሩን አንስተህ ላክልኝ።

ወላሁ አዕለም።