የአሜሪካ ውስኪ፦ ቅምሻው፣ ፎቶግራፉና የጠርሙሱ ጽሑፍ

ልምድ ያለው የአሜሪካ ውስኪ ቀማሽ አዲስ ጠርሙስ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ከመያዙ በፊት ካሜራውን ያነሣል። የፊቱን ወረቀት፣ የጀርባውን ወረቀት፣ የአንገቱን ማሸጊያ፣ ከሥር በመስታወቱ ላይ የወጡትን ጥቃቅን ቁጥሮች ሳይቀር በየተራ ፎቶግራፍ ያነሣል። ምላስ ጣዕምን ይለያል፤ መጠጡ በየትኛው ግዛት፣ በማን እጅ፣ ከስንት ዓመት በፊት እንደተሠራ ግን ጠርሙሱ ሳይነበብ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ጠርሙሱም ቢሆን እውነቱን መናገር የጀመረው በሕግ ተገድዶ ነው።

የመጠጡ መነሻ የገበሬ ጎተራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኬንታኪና በምዕራብ ፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ገበሬዎች ከቤት ፍጆታ የሚተርፍ እህል ነበራቸው፤ ገበያው ግን ከተራራ ማዶ ነበር። በአፓላቺያ ተራሮች እህል በፈረስ ጭኖ ማሻገር ትርፍ የለውም። ያው እህል መጠጥ ሲሆን ግን ጭነቱ ይቀልላል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ቢቆይም አይነቅዝም። አተላው ደግሞ ለአሳማና ለከብት መኖ ይሆናል። በኬንታኪ እህሉ በቆሎ ነበር፤ በፔንሲልቫኒያ ደግሞ ራይ የሚባለው የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ የብርድ አገር ሰብል። ጥሬ ገንዘብ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዳር አገር ውስኪ እንደ መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በ1791 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመጠጡ ላይ ቀረጥ ሲጥል ቁጣው የበረታውም ለዚህ ነው። በ1794 የምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ገበሬዎች አመጹ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም 13 ሺህ ያህል ሚሊሻ አሰልፈው አመጹን አበረዱ። ቀረጡ የተነሣው በ1802 ነው።

ከአሜሪካ ውስኪዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ቡርቦን ነው። በአገሪቱ ሕግ ቡርቦን ተብሎ ለመሸጥ መጠጡ በአሜሪካ ምድር መሠራት፣ ከእህሉም ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የቀረው ብዙውን ጊዜ ራይ ወይም ስንዴ፣ ከዚያም የገብስ ብቅል ነው። ብቅሉ የሚገባበት ምክንያት ጠላ ለጠመቀ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው እርሱ ነው። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ከለወጠው በኋላ ፈሳሹ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። እስከዚህ ድረስ ሥራው ከአረቄ አወጣጥ ብዙ አይርቅም፤ የሚወጣውም እንደ አረቄ ውኃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው።

መንገዱ የሚለያየው በርሜሉ ላይ ሲደርስ ነው። በርሜሉ ከኦክ እንጨት የተሠራ፣ አዲስ፣ ውስጡም በእሳት የከሰለ መሆን አለበት። እሳቱ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ያሳርረዋል፤ የቫኒላ ሽታ የሚሰጠውንም ንጥረ ነገር ያወጣዋል። በበጋው ሙቀት መጠጡ እየተስፋፋ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ በክረምቱ ብርድ ተመልሶ ይወጣል፤ ሲገባና ሲወጣ ቀለሙንና ጣዕሙን ይዞ ይመለሳል። በቡርቦን ላይ ከውኃ በቀር ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ መጨመር ስለማይፈቀድ ያ ቀይ ዳማ መልክ ከእንጨቱ ብቻ የመጣ ነው። በየዓመቱ ከበርሜሉ ጥቂት በመቶው በትነት ይጠፋል፤ የሙያው ሰዎች ይህን ኪሳራ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። አንድ በርሜል ለቡርቦን ሁለተኛ ጊዜ ስለማያገለግል ያገለገሉት በብዛት ወደ ስኮትላንድ ተልከው የዚያ አገር ውስኪ ማቆያ ይሆናሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቡርቦንን የአገሪቱ መለያ ምርት ብሎ ያወጀው በ1964 ነበር።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከመቆሙ በፊት ገዢው የሚጠጣውን አያውቅም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስኪ በአብዛኛው የሚሸጠው በመጠጥ ቤትና በመድኃኒት ቤት ከበርሜል እየተቀዳ ነው። አምራቹ ጥሩ መጠጥ ቢልክም በመካከል ያለው ነጋዴ ውኃ ሊያበዛበት፣ ወይም ጭራሹን ጥሬ አልኮል ገዝቶ በፍራፍሬ ጭማቂና በትምባሆ ውኃ አቅልሞ «ያረጀ ውስኪ» ብሎ ሊያቀርበው ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሞች ውስኪን እንደ መድኃኒት ያዝዙ ስለነበር ማጭበርበሩ የሕመምተኛም ጉዳይ ነበር። በሉዊቪል ከተማ የመድኃኒት ሻጭ የነበሩት ጆርጅ ጋርቪን ብራውን በ1870 ኦልድ ፎረስተር የተሰኘውን ውስኪያቸውን በታሸገ ጠርሙስ ብቻ መሸጥ የጀመሩት ይህን ክፍተት አይተው ነው። ጠርሙስ ግን በዚያ ዘመን በአፍ እየተነፋ ይሠራ ስለነበር ውድ ነበር፤ የተትረፈረፈው ማይክል ኦወንስ በ1903 የጠርሙስ መሥሪያ ማሽን ካቆሙ በኋላ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1897 በወጣው ሕግ ነው። ኮሎኔል ኤድመንድ ሄይንስ ቴይለርን የመሰሉ የኬንታኪ አምራቾች የገፉበት ይህ ሕግ «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚል ጽሑፍ የያዘ ጠርሙስ ምን መሆን እንዳለበት ወሰነ፦ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ የምርት ወቅት የወጣ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ቢያንስ አራት ዓመት የቆየ፣ አልኮሉም በትክክል 50 በመቶ የሆነ። ለምግብ ሁሉ የሚሆነው የንጽሕና ሕግ እንኳ የወጣው ከዚህ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ በ1906 ነው። በ1909 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ከጥሬ አልኮል ጋር የተቀላቀለው «ቅልቅል ውስኪ» ተብሎ እንዲጻፍበት ወሰኑ። አንድ የአገር መሪ በአንድ መጠጥ ስም ላይ ተቀምጦ ብይን መስጠቱ ነገሩ ምን ያህል እንደከረረ ያሳያል።

ስለዚህ ዛሬ ጠርሙሱን የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ቃል ቢመዝን አይከስርም። «ስትሬት» የሚለው ቃል መጠጡ ቢያንስ ሁለት ዓመት በበርሜል መቆየቱን ያመለክታል፤ ዕድሜው ከአራት ዓመት ካነሰ ደግሞ መጻፍ ግዴታ ነው። የተጻፈው ዕድሜ በጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሁሉ የትንሹ ነው። «ፕሩፍ» የሚለው ቁጥር የአልኮሉ እጥፍ ነው፤ 90 ፕሩፍ ማለት 45 በመቶ ማለት ነው። በጀርባው ወረቀት ላይ ደግሞ «ያወጣው» እና «ያሸገው» የሚሉትን ቃላት መለየት ያሻል። ብዙ ኩባንያዎች መጠጡን ራሳቸው አያወጡም፤ በኢንዲያና ግዛት ሎረንስበርግ ከሚገኘው ግዙፍ ፋብሪካ ገዝተው በስማቸው ያሽጋሉ። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ የሚመጣው ወረቀቱ የአያት የቅድመ አያት ተረት ሲያወራና እውነተኛውን ፋብሪካ ሲደብቅ ነው። የአዮዋው ቴምፕልተን ራይ በዚሁ ሰበብ ተከሶ በ2015 በስምምነት ከጨረሰ በኋላ በኢንዲያና የወጣ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ ጽፏል።

ቅምሻው ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ባለሙያዎች ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ይመርጣሉ፤ ሽታውን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ያደርሰዋልና። ከአንድ ወይም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም የሚቀዱት። ብርጭቆው ወደ አፍንጫ ሲቀርብ ከንፈር በትንሹ ይከፈታል፤ አፍ ተዘግቶ ከተሳበ አልኮሉ አፍንጫን ያደነዝዘዋልና ሌላ ነገር አይሸትም። ቀስ እያለ የሚመጣው የቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የቀረፋ፣ የተቆላ ለውዝ ሽታ ነው። ራይ የበዛበት ከሆነ ቁንዶ በርበሬ የሚያስታውስ ማቃጠል አለው፤ በራይ ፈንታ ስንዴ የገባበት ለስለስ ይላል። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ለማለማመድ ብቻ ስለሆነ ፍርድ አይሰጥበትም። ሁለተኛው ምላስ ላይ ተንከባልሎ፣ እንደሚታኘክ ነገር ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ ተጨምሮ ይደገማል፤ ውኃው አልኮሉን ስለሚያበርደው ተደብቆ የነበረው ሽታ ብዙ ጊዜ ያኔ ይወጣል።

ብዙ ጠርሙስ የሚቀምስ ሰው ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ብርቱው ይሄዳል፤ በመካከል ውኃ ይጠጣል፤ የቀመሰውንም ይተፋል። መትፋቱ ለጀማሪ የሚያስቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ 50 በመቶ አልኮል ያለውን መጠጥ እየዋጠ አምስተኛው ጠርሙስ ላይ የደረሰ ሰው የሚጽፈው ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም፣ ለጤናውም አይበጅም። ባዶው ብርጭቆ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲሸተት አልኮሉ በንኖ የእንጨቱ ጠረን ብቻውን ስለሚቀር ይህን የሚዘልል ጠንቃቃ ቀማሽ የለም።

ፎቶግራፉ ከማስታወሻው ጋር የሚቀመጥ ማስረጃ ነው። ጠርሙስ መስታወት በመሆኑ በፊቱ የቆመውን ሁሉ፣ ፎቶ አንሺውን ጭምር፣ መልሶ ያሳያል። የካሜራው ብልጭታ መጥፋት አለበት፤ ካልሆነ በወረቀቱ መካከል ነጭ ጉድፍ ይወጣል። ከሁሉ የሚሻለው በመስኮት በኩል ከጎን የሚገባ የቀን ብርሃን ነው፤ ከማዶ ጎን ነጭ ካርቶን ቢቆም ጥላውን ያለዝበዋል። ሌላ ነጭ ወረቀት ከጠርሙሱ ጀርባ ሲቆም ብርሃኑ በመጠጡ ውስጥ ያልፍና እውነተኛ ቀለሙ ይታያል። ካሜራው ከጠርሙሱ ወገብ ትይዩ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ጠርሙስ ትከሻው ሰፍቶ እግሩ ይቀጥናል። የጣት አሻራም አስቀድሞ በጨርቅ መጠረግ አለበት።

ጠንቃቃው ሰው መጠጡ በአንገቱ ላይ የደረሰበትን ከፍታም ያነሣል። ውስኪ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም፤ የ12 ዓመቱ ከሃያ ዓመት በኋላም የ12 ዓመት ነው። ቡሹ ከተበላሸ ግን ይተንናል፣ ከፍታውም ይወርዳል። ለዚህ ነው እንደ ወይን ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ የሚቀመጠው፤ ብርቱው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። እንደ ብላንተንስ ባሉ ከአንድ በርሜል ብቻ በሚሞሉ ውስኪዎች ደግሞ የበርሜሉ ቁጥር፣ መጋዘኑና የተቀዳበት ቀን በወረቀቱ ላይ ስለሚሰፍሩ ፎቶግራፉ ካልተነሣ የተቀመሰው የትኛው እንደነበር ኋላ ማጣራት አይቻልም።

በአሮጌ ጠርሙሶች ላይ የፎቶግራፉ ጥቅም ይበልጣል። በመስታወቱ ላይ «ይህን ጠርሙስ መሸጥ ወይም ዳግም መጠቀም የፌዴራል ሕግ ይከለክላል» የሚል ቅርጽ ካለ ጠርሙሱ ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ክልከላው የመጣው የመጠጥ እገዳው በ1933 ካበቃ በኋላ ሕገ ወጥ ነጋዴዎች ባዶውን እየሞሉ እንዳይሸጡት ነበር። በአንገቱ ላይ የተለጠፈ የቀረጥ ወረቀት ካለ ከ1985 በፊት መታሸጉን ያመለክታል፤ አረንጓዴው የቦንድ መጋዘን ውስኪ፣ ቀዩ የሌላው ነበር። ለነፍሰ ጡርና ለአሽከርካሪ የሚሰጠው የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ከሌለበት ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ከ1989 በፊት ነው። የዛሬ አጭበርባሪዎች ውድ ጠርሙሶችን ባዶውን ገዝተው በርካሽ ውስኪ ስለሚሞሉ ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የማሸጊያውንና የሥሩን ፎቶግራፍ የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም።

ፎቶግራፍ ጠርሙሱ ያልተናገረውንም የሚይዝበት ጊዜ አለ። በቴነሲ ግዛት ሊንችበርግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ የተነሣ አንድ የቡድን ፎቶግራፍ ታዋቂውን የውስኪ ባለቤት ጃክ ዳንኤልን ከሠራተኞቻቸው ጋር ያሳያል። ከጎናቸው የተቀመጠው ጥቁር ሰው ነው፤ የዘር መለያየት በጸናበት በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ይህ ያልተለመደ ነበር። ሰውየው የኒረስት ግሪን ልጅ ጆርጅ ግሪን እንደሆነ ይታመናል። ኒረስት ግሪን በባርነት የኖሩ የውስኪ ጥበብ ባለቤት ሲሆኑ፣ በሰባኪው ዳን ኮል እርሻ ላይ ለወጣቱ ጃክ ዳንኤል ሙያውን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነጻ ወጥተው ለዳንኤል ሠሩ፤ ልጆቻቸውም ተከተሏቸው። የመምህሩ ስም በጠርሙሱ ላይ አልነበረም፤ ኩባንያው ታሪኩን በይፋ ማውሳት የጀመረው በ2016 ነው። በማግስቱ ዓመት በፋውን ዊቨር የተመሠረተ ሌላ ኩባንያ «አንክል ኒረስት» የሚል ውስኪ ለገበያ አቅርቦ ስማቸውን በወረቀቱ ላይ አሰፈረ። የኒረስት ግሪን የራሳቸው ፎቶግራፍ ግን አልተገኘም።