ሥራን ለውጭ ባለሙያ መስጠት (በአነስተኛ ንግድ)

በተለምዶ «አውትሶርስ ማድረግ» ይባላል፤ ባለንግዱ ከሥራው ከፊሉን ሠራተኛ ቀጥሮ ከማሠራት ይልቅ ለሌላ ባለሙያ ወይም ድርጅት በውል የሚሰጥበት አሠራር ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሮናልድ ኮዝ በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከገበያ መግዛት ራሱ ወጪ እንዳለው አሳይቷል፦ ሰው መፈለግ፣ ዋጋ መደራደር፣ መዋዋል። ይህ ወጪ በቤት ከማሠራት ሲበልጥ ሥራው እዚያው ይቀራል።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሳያነብም ያውቀዋል። ሽመናው በሸማኔው ቤት ይሠራል፤ ጥልፉም ለጠላፊ ይሰጣል። የደንበኛዋን ልክ መውሰድ፣ የጥለቱን ቀለም ማስመረጥ፣ የተመለሰውን ቀሚስ ገልብጦ ስፌቱን ማየት ግን ከሱቁ አይወጣም። ጠላፊው ቢዘገይ ሙሽራዋ የምትቆጣው ባለሱቁን ነው፤ ጠላፊውንማ መቼ አይታው!

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ሥራ ሂሳብ ነው። የግለሰብ ነጋዴ የግብር ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ። ብዙዎች ሂሳብ ሠራተኛ የሚፈልጉት በዚያው ሰሞን ነው፤ ረፍዷል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በፌስታል ተከማችቶ ሲከርም ጽሕፈቱ ይደበዝዛል። በየወሩ ማስረከብ ይሻላል። ሂሳቡን ማንም ይሥራው፣ በግብር ሕግ ተጠያቂው ግብር ከፋዩ ነው፤ ስለዚህ ማኅተሙና የቼክ ደብተሩ ከደረሰኙ ጋር አብረው አይሄዱም።